መነጽርሽ ኪሴ ውስጥ ነበር

ይድረስ ለእህቴ ለየሺ፤

ለጤናሽ እንደምን ነሽ ብዬ ልጀምር ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፍርድ ቤት በር ላይ ለሰው ማመልከቻና ደብዳቤ ስጽፍ ስለኖርኩ እጄ ሌላ አጀማመር አያውቅም። ግን አንቺን ዛሬ ጤና ብጠይቅሽ ትስቂብኛለሽ። "ጠበቃው፣ ዛሬስ ነገር ጠፋህ" ስትዪ ይሰማኛል። ትምህርቴን ሳልጨርስ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የሕግ መጽሐፍ ገዝቼ ራሴን ሳስተምር ጠበቃው ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ለማሾፍ ነበር፤ ሰፈሩ ግን የምር አድርጎ ያዘው።

ከተለየሽን ሦስት ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰው ቢያነበው አልከፋም። እንዲያውም ታማሚ ያለበት ቤት ሁሉ ቢደርስ ደስ ይለኛል።

ቤታችን አለች። ከፊት ለፊታችን የነበሩት ቤቶች ግን ፈርሰው መንገዱ ሰፍቷል። ፒያሳ ብትመጪ ትጠፊያለሽ። ድሮ ከውቤ በረሃ በኩል ስመጣ ሦስት ቦታ ታጥፌ ነበር የምገባው፤ አሁን ከአስፋልቱ እንደወረድኩ በሬ ላይ ነኝ። ማን ቤት ማን እንደገባ ከአውቶቡስ ላይ ሆኖ ይታያል፤ ወሬ እንዲህ ያለ ምቾት አግኝቶ አያውቅም። አትክልት ተራ ቲማቲም የምትሸጪበት ቦታም የለም፤ ገበያው ወደ ከተማው ዳር ወጥቷል። ጎረቤታችን ተዋበች ኮንዶሚኒየም ደርሷት ሩቅ ሄዳለች። ልጅሽ ማሂ አምስት ኪሎ አጠገብ አንድ ቢሮ ሥራ ይዛለች፤ የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው። መልኳ አንቺን ነው፤ ስትናደድ ደግሞ ጭራሽ አንቺን ናት።

አሁን የሚያስጨንቀኝን ልንገርሽ። ማሂ በቀልዴ መሳቅ ጀምራለች።

አንቺ ትስቂ ይሆናል፤ እኔ ግን ፈርቻለሁ። ያቺ ልጅ ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ ቀልዴን ሰምታ "ጋሼ፣ ይሄን ባለፈውም ነግረኸናል" ስትለኝ ነው ያደገችው። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ግን ያንኑ ያረጀ ቀልድ ሳወራ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች፤ ስቃ ስትጨርስ ዓይኗ ቀልቶ ወደ ጓዳ ትገባለች። ማኪያቶ የምጠጣበት ቤትም እንደዚያው ነው። ድሮ ስገባ ከባንኮኒው ጀርባ "ጠበቃው መጣ፣ ስኳሩን ደብቁ" የሚሉኝ ሰዎች አሁን ወንበር ይስቡልኛል። ሰው ስኳር የማይደብቅብኝ ደረጃ ላይ ደርሼ አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ተዋበች ሁለት ታክሲ ቀይራ ልትጠይቀኝ መጣች። ለምን እንደመጣች አልተናገረችም። ስለ አየሩ፣ ስለ ኮንዶሚኒየሙ ደረጃ፣ ስለ ውሃ መጥፋት አወራን። ስትነሳ ከዘንቢሏ አንድ ፔርሙስ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አጥሚት ነው። አጥሚት ለአራስና ለበሽተኛ ነው፤ የሺ፣ እኔ አራስ አይደለሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ወር ወዲህ እህል ሆዴ አይረጋም። ከስቻለሁ፤ ቀበቶዬ ላይ በሚስማር ሁለት ቀዳዳ ጨምሬያለሁ። ማሂ ለምና ለምና ሆስፒታል ወሰደችኝ። አንቺ የታከምሽበት አይደለም፣ ሌላ ነው፤ ወንበሩ ግን ያው ነው። መርምረውኝ ውጤት ሊነገረን ስንገባ ማሂ ቀድማ ከሐኪሙ ጋር በዓይን ተነጋገረች። እኔ "አንዴ ውጭ ይጠብቁን አባቴ" ተባልኩ። ወጥቼ ተቀመጥኩ። በሩ በደንብ አይዘጋም፤ በስንጥቁ የምትወዛወዝ እግሯን ብቻ አያለሁ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ስትወጣ ፊቷን ታጥባለች፤ የሆስፒታል ሳሙና ሳሙና ትሸታለች። "ጨጓራ ነው ጋሼ፣ አይዞህ" አለችኝ። "ትንሽ እብጠት ነገር አለች፣ እሷን ያነሷታል። ቀላል ናት።"

እንደዚያች ቅጽበት ቀዝቅዤ አላውቅም። ቃሉ የኔ ነው። ጨጓራ ነው፣ ትንሽ እብጠት፣ ቀላል ናት። ከነቅደም ተከተሉ የኔ ነው። እኔ ነኝ ያስጠናኋት።

አንቺ ያልሰማሽውን አሁን ስሚ። የዚያን ጊዜ አንቺን ኮሪደር ላይ አስቀምጬ ወደ ሐኪሙ የገባሁት ብቻዬን ነው። ሐኪሙ ወጣት ነበር። የበሽታውን ስም ነገረኝ። ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ያ በሽታ" የሚለው ነው። እኔም ወዲያው እንዳይነግርሽ ለመንኩት። እጁን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ "ይህን መጀመሪያ መስማት ያለባት እሷ ናት" አለኝ። ምን እንደያዛት፣ ምን ሊደረግላት እንደታሰበ፣ አደጋው ምን እንደሆነ፣ ባይደረግስ ምን እንደሚመጣ በሚገባት ቋንቋ ተነግሯት፣ አእምሮዋ ጤነኛ እስከሆነ ድረስ እሺም እምቢም የምትለው ራሷ ናት አለ። ቤተሰብ ከጎኗ ይቆማል እንጂ በእሷ ቦታ አይቆምም አለ።

ይህን እኔ አጥቼው አይደለም። ሰው በገዛ አካሉ ላይ ምርመራም ሆነ ቀዶ ሕክምና እምቢ ማለት እንደሚችል የሚናገረውን ቦታ በዚያ ባረጀው የፍትሐ ብሔር መጽሐፌ ላይ በቀይ እስክርቢቶ አስምሬበታለሁ። በሥራዬም ቢሆን ደንቤን ታውቂያለሽ። ማንበብ የማይችል ሰው ጣቱን ቀለም ነክሮ ሊያሳርፍ ሲል እጁን ይዤ የጻፍኩትን ሁለት ጊዜ አነብለት ነበር። ቸኩያለሁ ቢለኝም አልለቀውም። በዚህ ስንት ሰው ሰድቦኛል።

ለአንቺ ግን ያ ሁሉ ደንብ ጠፋኝ። "ዶክተር፣ አንተ ገና ልጅ ነህ፤ እህቴን አታውቃትም። ይህን ስም ከሰማች በዚያው ቀን ነው የምትሞትብኝ" አልኩት። ወንድሟ ነኝ፣ አባቷም ነኝ፣ ያሳደግኳት እኔ ነኝ አልኩት። ለሰው ስከራከር የኖርኩበትን ምላስ ሁሉ አወጣሁበት። ውጭ ወረፋው ረዝሞ ነበር፤ ልጁም ደክሞታል። በመጨረሻ ዓይኑን ከዓይኔ አንስቶ የሚቀጥለውን ታማሚ ካርድ ሳበ። አሸነፍኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ክርክር ያሸነፍኩበት ቀን የለም።

ማታ ለማሂ "እናትሽ እንዳትሰማ፤ ጨጓራ ነው በያት" አልኳት። አለቀሰች። "አልቅሰሽ ጨርሺና ፊትሽን ታጥበሽ ግቢ" አልኳት።

ነርሷ የቀዶ ሕክምናውን የፈቃድ ወረቀት ይዛ የመጣችበትን ጠዋት ታስታውሻለሽ። ትራስሽን ተደግፈሽ ተቀመጥሽና "መነጽሬን አቀብሉኝ፣ ላንብበው" አልሽ። አንቺ በጣትሽ ሳትጫኚ ቲማቲም የማትገዢ ሴት፣ ወረቀት ሳታነቢ አትፈርሚም፤ ይህን አውቄ ነው ተዘጋጅቼ የመጣሁት። መነጽርሽ በኮቴ የውስጥ ኪስ ነበር። አንቺ ፊትሽን ልትታጠቢ ስትሄጂ ከራስጌሽ አንስቼ ከትቼዋለሁ። "ቤት ቀርቷል" አልኩሽ። ማሂ ከአልጋሽ ግርጌ ቆማ ነበር፤ እጄ ኪሴን ሲነካ አየችኝ። በዓይኔ ጠቀስኳት፤ አንገቷን ደፋች።

"እንግዲያው አንተ አንብብልኝ" አልሽ። ወረቀቱን ተቀብዬ ድምፄን እንደ ዳኛ አወፍሬ አነበብኩልሽ። "እኔ ወይዘሮ የሺ በሕክምና ላይ ሳለሁ ላለማንኮራፋት፣ ባንኮራፋም ሐኪሞቹን ላለማስደንገጥ ቃል እገባለሁ" አልኩ። ሆድሽን ይዘሽ ሳቅሽ። ከጎንሽ የተኛችው ሴትም ሳቀች። እየሳቅሽ "የት ጋ ነው?" አልሽ፤ እኔም በጣቴ አሳየሁሽ። ነርሷ "ገብቷታል አይደል?" ብትል ካንቺ ቀድሜ "ገብቷታል" አልኩ። ፊርማው ያንቺ ነበር። ፈቃዱ ግን የኔ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ስትነቂ እጅሽን ከአንሶላው ሥር ሰደድሽ። እዚያ ጋ ሆድሽ ተከፍቶ ሰገራ የሚወጣበት ከረጢት ተንጠልጥሎበታል። ማንም ሳይነግርሽ በገዛ ጣቶችሽ ዙሪያውን ዳበስሽው። ፊትሽን እያየሁ ነበር፤ አንድም ቀልድ አልመጣልኝም። ትጮሂያለሽ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልጮህሽም። "ብትጠይቀኝ እሺ ልልህ እችል ነበር" አልሽኝ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞርሽ።

ከዚያ በኋላ አምስት ወር ኖርሽ፤ የበሽታሽን ስም አንድም ቀን አልጠየቅሽኝም። እኔም አልነገርኩሽም። ወሎ ሄደሽ የእናታችንን መቃብር ለማየት ስንት ዓመት ስትመኚ ነበር። "ሲሻለኝ እሄዳለሁ" ትዪ ነበር፤ እኔ ደግሞ "ለመስቀል እንሄዳለን" እላለሁ። ለመስቀል እንደማትደርሺ አውቃለሁ እኮ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት በእግርሽ ትሄጂ ነበር፤ አቅሙ ነበረሽ። ነግሬሽ ቢሆን መጀመሪያ የት እንደምትሄጂ ሁለታችንም እናውቀዋለን። ይህንን ነው የወሰድኩብሽ። ዕድሜሽን አልወሰድኩም፤ እሱ በእኔ እጅ አልነበረም። ያቺን መንገድ ግን ወስጃታለሁ።

ፍቅር ነበር ብዬ ራሴን ሳጽናና ኖሬያለሁ። ፍቅርም ነበር። አሁን ግን የማሂን ፍቅር ከዚህኛው ወገን ተቀምጬ እያየሁት ነው፤ ምን ያህል እንደሚያስፈራ ያኔ አላወቅሁም ነበር። ቤት ውስጥ ሁሉም ሰው የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ገላው የሚመለከተው ሰው ብቻ አያውቀውም። ስልኳ ሲጠራ ወደ ግቢ ትወጣለች። ስገባ ወሬ ይቋረጣል። በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆኛለሁ። አንቺ አምስት ወር በዚህ ውስጥ ተኝተሽ ነበር።

ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ቀጠሮ አለን። ትናንት ማሂ ልብሴን ስታዘጋጅ "አንድ ወረቀት ፈርመህ ትተኛለህ፣ ሌላ ነገር የለም" አለችኝ። ዛሬ ጠዋት ስነሳ መነጽሬ ከጠረጴዛው ላይ የለም። ፈለግኩ። ፈልጌ ፈልጌ ሳጣው ማሂን ጠየቅኳት። ወደ ሥራ ልትወጣ ጫማዋን እያሰረች ነበር፤ ቀና ሳትል "የሆነ ቦታ ጥለኸው ይሆናል ጋሼ። ግድ የለም፣ እኔ አነብልሃለሁ" አለች። የመነጽሬ ማቀፊያ ጥቁር ጫፍ ከቦርሳዋ ኪስ ብቅ ብሎ ይታየኛል። በደንብ አልደበቀችውም፤ ይህን እንኳን ከእኔ አልተማረችም። "እሺ የኔ ልጅ" ብዬ ሸኘኋት።

እሷ እንደወጣች ያንቺን መሳቢያ ከፈትኩ። መነጽርሽ እዚያ ነው፤ አንዱ እጀታው በፕላስተር እንደተጠቀለለ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ አልነካሁትም ነበር። አደረግኩት። ፊደሉ ትንሽ ይወፍርብኛል እንጂ በደንብ ያሳያል። ይህን ደብዳቤ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ የጻፍኩት በእሱ ነው።

ስንደርስ ነርሷ ወረቀቱን ስታመጣ ከኪሴ አውጥቼ አደርገዋለሁ። ማሂ መነጽሩን ታውቀዋለች። ልቆጣት አልችልም፤ መቆጣት የምችልበት ቦታ የለኝም። እጇን ይዤ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነባለሁ፤ ከዚያ ሐኪሙ መጥቶ የበሽታውን ስም በሙሉ ድምፁ ለእኔ እንዲናገር እጠይቃለሁ። ምን እንደሚቆርጡ፣ ምን እንደሚቀር፣ ቢተውኝስ ምን እንደምሆን። ከዚያ እሺ እላለሁ ወይም እምቢ እላለሁ። የትኛውን እንደምል ገና አላውቅም። ላለማወቅ የሚለምን አንድ ፈሪም ውስጤ አለ፤ የማንን ድምፅ እንደሚመስል ታውቂያለሽ። ስለ ወሎው መንገድም ለማሂ እነግራታለሁ። መሄድ የምችል ከሆነ ሁለታችን ሄደን ላንቺም ለእናታችንም ሻማ እናበራለን።

የማሂ ቁልፍ በሩ ላይ ሲዞር ሰማሁ። አሁን መነጽርሽን ኮቴ ውስጥ እከተዋለሁ፤ ያችኑ ኪስ።

የሺ፣ አልረሳሽም። ለምን ያህል ጊዜ እንደማልረሳሽ ደግሞ ዛሬ ጠይቄ እሰማለሁ።

ወንድምሽ
ጠበቃው