የአንገረብ ሙዚቃ ቤት ባለቤት የአቶ ጋረደው ስንሻው የሕይወት ታሪክ
(1948 – 2018 ዓ.ም.)

አቶ ጋረደው ስንሻው ከአባታቸው ከአቶ ስንሻው ዋሴና ከእናታቸው ከወ/ሮ እንጉዳይ ተገኘ በጎንደር ክፍለ ሀገር በጭልጋ አውራጃ በአይከል አቅራቢያ ግንቦት 12 ቀን 1948 ዓ.ም. ተወለዱ። ለወላጆቻቸው አራተኛ ልጅ ነበሩ። እናታቸው «ይህስ አፉን ሳይፈታ ጆሮው የተፈታ ነው» ይሏቸው እንደነበር እያነሱ ይስቁ ነበር። እኛም ልጆቻቸው ያሳደጉን አባት ከሚናገሩት የሚሰሙት የሚበልጥ ሰው ስለነበሩ የአያታችንን ቃል በዓይናችን አይተነዋል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እስከ ስድስተኛ ክፍል በአይከል፣ ከዚያም እስከ ዘጠነኛ ክፍል በጎንደር ከተማ ተምረዋል። ጎንደር የተቀመጡት ሬዲዮ ጠጋኝ በነበሩት አጎታቸው ዘንድ ስለነበር፣ ከትምህርት ቤት መልስ ቦርሳቸውን አስቀምጠው ከሥራ ጠረጴዛው ሥር ይገቡ ነበር። ትምህርታቸውን ያቋረጡት ሰንፈው አይደለም፤ ከሬዲዮ ሆድ ውስጥ መውጣት አቅቷቸው ነው።

በ1970 ዓ.ም. የብዙ ወጣት ዕጣ እርሳቸውንም ደረሰና በመተማ በኩል በእግራቸው ወደ ገላባት ተሻገሩ። አብረዋቸው የተጓዙ ሰዎች ሲያወሩ እንደሰማነው፣ ሌላው ሰው በሶና ውኃ ሲይዝ እርሳቸው በአንሶላ የተቋጠረ የተበላሸ ቴፕ ተሸክመው ነበር። ከመንገደኞቹ አንዱ «አንተ ልጅ፣ የማይሠራ ቴፕ ምን ያደርግልሃል? ጣለው!» ቢላቸው፣ «የተበላሸው አገሩ ነው፤ ቴፑስ ይጠገናል» ብለው እንደመለሱለት ይነገራል። ቴፑ በእርግጥ ተጠግኗል። ዛሬም ከቤታችን አለ፤ ይሠራልም።

በገላባት ጭነት ተሸክመዋል፤ በገዳሪፍ ዙሪያ ባሉ እርሻዎች ሁለት ክረምት ሰሊጥ አርመዋል፣ አጭደዋል። በ1973 ዓ.ም. ገዳሪፍ ከተማ ገብተው በትልቁ ገበያ ውስጥ ከአንድ ጨርቅ ቤት ደጃፍ ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው ሬዲዮ መጠገን ጀመሩ። የጨርቅ ቤቱ ባለቤት አባታቸው ከጎንደር አዲስ ዓለም ተነስተው ሱዳን የከተሙት አቶ ሰላሃዲን ነበሩ። አቶ ሰላሃዲን ለሦስት ወር ያህል ሲመለከቷቸው ቆዩና አንድ ቀን ትዕግሥታቸው አለቀ። «ያ ጋረደው፣ ፀሐዩ አናትህን ሳይሰነጥቀው ግባ እንጂ! ግማሹ ሱቅ ለጨርቄ፣ ግማሹ ላንተ፣ ኸላስ!» አሏቸው። በዐረብኛ «በቃ፣ አለቀ» ለማለት ለተናገሯት ለዚያች «ኸላስ» ቤተሰባችን እስከ ዛሬ ምስጋናውን አልጨረሰም።

በዚያው ግማሽ ሱቅ ውስጥ በ1976 ዓ.ም. አንገረብ ሙዚቃ ቤት ተከፈተ። ስሙን ለምን እንደመረጡት ሲጠየቁ፣ «ከጎንደር ተነስቶ ያለ ወረቀት ድንበር የሚሻገረው ይህ ወንዝ ብቻ ነው» ይሉ ነበር።

የሱቁ ሥርዓት የራሳቸው ነበር። አዲስ ካሴት በጭነት መኪና ሾፌሮች እጅ ከመተማ ሲመጣላቸው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ራሳቸው ሳያዳምጡ አይሸጡም። ከደጃፍ አግዳሚ አስቀምጠው ነበር፤ ገዢው ተቀምጦ፣ ሰምቶ፣ ካልወደደው ተነስቶ ይሄዳል። አንዳንዱንም «ይህ ላንተ አይሆንም፤ ሰሞኑን አዝነሃል፣ ያብስብሃል» ብለው ሌላ ይሰጡታል። እንዲህ ያለ ነጋዴ ይከስራል ያለ ብዙ ነበር፤ ነገር ግን ከወድ ኤል ሒለው፣ ከከሰላ፣ ከየሰሊጡ እርሻ ሰው እየመጣ አግዳሚው ሁለት፣ ከዚያም አራት ሆነ። አዛን ሲሰማ ድምፅ ማጉያው ይዘጋል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ዘፈን ቆሞ በገና ብቻ ይሰማል። የገበያው ሙስሊም ነጋዴዎች እንኳ በገናውን ሲሰሙ «ጋረደው ጾም ያዘ» ብለው የክርስቲያን ደንበኞቻቸውን እንኳን አደረሳችሁ ይሉ ነበር።

በ1978 ዓ.ም. ከወ/ሮ አሰፋች ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻ ፈጸሙ። ወ/ሮ አሰፋች አንድ ካሴት ገዝተው «ድምፁ ይንሻፈፋል» እያሉ አራት ጊዜ መልሰውታል። አባታችን አራቱንም ጊዜ ከፍተው አጽድተው ሰጥተዋቸዋል። ካሴቱ ጤነኛ እንደነበር እናታችን ያመኑት ሦስተኛ ልጃቸውን ከወለዱ በኋላ ነው። ከዚህ ትዳር ፅናት፣ ኪዳኔና ትህትና ተወልደዋል።

የአባታችንን ሕይወት ሁለት ቦታ የከፈለውን ነገር ግን እርሳቸው ሳይደብቁ ስለኖሩ እኛም ዛሬ አንደብቀውም።

በዚያ ዘመን ስልክ ለስደተኛ የማይታሰብ ነበር። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ወደ አገር ቤት ደብዳቤ የሚልከው ድምፁን በካሴት አስቀድቶ በሾፌር እጅ ነው። ይህን ሥራ በገዳሪፍ ይበልጥ የሚሠራው አንገረብ ሙዚቃ ቤት ነበር። በታኅሣሥ 1980 ዓ.ም. ወ/ሮ ለተሃይማኖት የሚባሉ ሴት ከኡም ጋርጉር የስደተኞች መንደር በጭነት መኪና መጡ። በጨርቅ ጠቅልለው አንገታቸው ላይ ያሰሩት ካሴት ነበራቸው። በላዩ ላይ ያለው የባለቤታቸው የአቶ ኣጽብሃ ድምፅ ነው፤ አቶ ኣጽብሃ ከድንበር ማዶ ሆነው ልከውት በወሩ ዐርፈዋል። ካሴቱ በየቀኑ ከመሰማቱ ብዛት እየሳሳ ስለመጣ ሁለተኛ ቅጂ እንዲደረግላቸው ነበር የመጡት።

ማባዣው ቴፕ ሁለት ማጫወቻ አለው፤ ግራው ያነባል፣ ቀኙ ይቀዳል። ጊዜው ለገና ወደ አገር ቤት ካሴት የሚላክበት ነበርና ሱቁ በሰው ተጨናንቆ ነበር። አባታችን ባዶውን ካሴት በግራ፣ የወ/ሮ ለተሃይማኖትን በቀኝ አስገቡ። ባለቤቲቱ ከደጃፍ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁ፣ በአቶ ኣጽብሃ ድምፅ ላይ ስድሳ ደቂቃ ዝምታ ተቀዳበት።

«ካሴቱ አርጅቶ አልቆ ነው» ቢሉ የሚያውቅባቸው ማንም አልነበረም። ይህን እርሳቸውም ያውቁ ነበር። ወጥተው ከአግዳሚው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡና «እታለም፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ግራና ቀኙን አሳስቼ ነው» አሏቸው። ወ/ሮ ለተሃይማኖት ካሴቱን ተቀብለው በጨርቁ መልሰው ጠቀለሉት። ከዚያም፣ «ሓወይ፣ ብትዋሸኝ ይቀለኝ ነበር። እውነቱን ስለነገርከኝ ግን አልረግምህም። የሌላ ሰው እንዳይጠፋ ብቻ አድርግ» ብለው ተነሱ። ሓወይ ማለት በትግርኛ ወንድሜ ማለት ነው። አባታችን ያን ዕለት የተጠሩበትን ይህን ስም እስከ ዕለተ ሞታቸው ሲያነሱ ድምፃቸው ይቀየር ነበር።

በሳምንቱ አባታችን ቴፕ ተሸክመው ኡም ጋርጉር ሄዱ። ወ/ሮ ለተሃይማኖት ካሴቱን ከመስማታቸው ብዛት በቃላቸው ይዘውት ስለነበር፣ ባለቤታቸው የተናገሩትን እርሳቸው በራሳቸው አፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገሩ፣ አባታችን ቀዱ። ቀድተው ሲጨርሱም ከካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች ሰበሩ። እነዚህ የተሰበሩበት ካሴት ዳግመኛ ሊቀዳበት አይችልም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም ሰው ድምፁን ሲያስቀዳ አንዱ ለሚላክለት፣ አንዱ ለሱቁ ሁለት ሆኖ ይቀዳል፤ ፕላስቲኩም እዚያው ይሰበራል። በየካሴቱ መጀመሪያ ላይ ቀኑና የተናጋሪው ስም ይነገራል። የሱቁ የኋላ ግድግዳ በ638 ካሴት ተሞላ። ስሙም የለተሃይማኖት መደርደሪያ ተባለ።

ከአቶ ኣጽብሃ ጋር የሠራ፣ የዘመረ፣ ሰርግ የዋለ ሰው ካለ ድምፃቸው በአንድ ቦታ ተቀድቶ እንደሆነ አባታችን ሾፌሩን ሁሉ ለሃያ ዓመት ሲጠይቁ ኖረዋል። አልተገኘም። እውነቱ ይህ ነው። የተገኘው ዘመድ ነው። ወ/ሮ ለተሃይማኖት የትህትና ክርስትና እናት ሆኑ፤ ገናና ፋሲካ ኡም ጋርጉር ሳንሄድ ያለፈበት ዓመት የለም።

ዘመኑ ሲለወጥ ካሴት በሲዲ፣ ሲዲ በሚሞሪ ተተካ። ብዙ ሙዚቃ ቤቶች ሲዘጉ አንገረብ አልተዘጋም፤ ምክንያቱም ሰው ድምፅ ፍለጋ ይመጣ ነበር። ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ትህትና የመደርደሪያውን ካሴቶች አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተር ስትገለብጥ አባታችን አጠገቧ ተቀምጠው፣ «የእኔን ለፍላፊነት ከፊቱ ቁረጪው፤ ሰው የሚፈልገው የእናቱን ድምፅ ነው» እያሉ ያሠሯት ነበር። የወድ ኤል ሒለው ተወላጅ ሙዘይን እናቱ ወ/ሮ ሰውዳ በ1982 ዓ.ም. የመረቁትን ምርቃት በስልኩ ሲሰማ ከሱቁ ደጃፍ ላይ እንደ ሕፃን አልቅሷል። በሰርጉም ቀን አሰምቶታል። እንዲህ ያለ ደስታ ያገኙትን ሁሉ ብንዘረዝር ይህ ወረቀት አይበቃም።

በ2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ ገዳሪፍ ከካርቱም በሸሹ ሰዎች ሞላች። ልጆቻቸው እንዲወጡ ብንለምናቸውም «638 ሰው ትቼ የት እሄዳለሁ?» ብለው እንቢ አሉ። የሱቁን አግዳሚዎች ለተፈናቃዮች መኝታ ሰጡ፤ በሱቁ ጣሪያ ላይ ባለው ሶላር የሰዉን ስልክ ሞሉ። ያኔ ተቆጥተናቸው ነበር። ዛሬ ስላልሰሙን እናመሰግናቸዋለን።

አባታችን የሰውን ሁሉ ድምፅ ሲቀዱ የራሳቸውን አስቀድተው አያውቁም። ስንጠይቃቸው «ፀጉር አስተካካይ የራሱን ፀጉር አይቆርጥም» ይሉ ነበር። በስልክም የድምፅ መልእክት አይልኩም፤ ገጽ ሙሉ ቢጻፍላቸው መልሳቸው «እሺ» ብቻ ነው።

ከየካቲት 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም. ባለቤታቸውና ልጆቻቸው በተገኙበት በተወለዱ በ69 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።

ባረፉ ማግሥት እኛ ልጆቻቸው ድምፃቸውን ፍለጋ ያልበረበርነው ስልክ የለም። በቪዲዮ ድምፅ ማጉያ ሲጠግኑ ይታያሉ፣ ሲያጨበጭቡ ይታያሉ፤ ሲናገሩ ግን የለም። የ638 ሰው ድምፅ ያለበት ቤት የባለቤቱ ድምፅ የለውም ብለን ተላቀስን። ለልቅሶ ከኡም ጋርጉር የመጡት እማ ለተሃይማኖት፣ ዓይናቸው አያይም እንጂ ጆሮአቸው ደህና ነውና፣ ሲሰሙን ቆይተው፣ «እናንተ ልጆች፣ ኮምፒውተሩን ተዉትና ካሴቱን አምጡ። የኔን። ከመጀመሪያው» አሉን።

አመጣን። በአንሶላ ተቋጥሮ ድንበር በተሻገረው ቴፕ አጫወትነው። ከእማ ለተሃይማኖት ድምፅ አስቀድሞ የዛሬ 38 ዓመት የነበሩት አባታችን ተናገሩ። እኛ ከኮምፒውተሩ እየቆረጥን የጣልነው ድምፃቸው በ638ቱም ካሴት መጀመሪያ ላይ አለ። ፕላስቲኩ ተሰብሯልና ማንም አያጠፋውም።

አቶ ጋረደው ባለቤታቸውን ወ/ሮ አሰፋችን፣ ሦስት ልጆችንና አምስት የልጅ ልጆችን፣ እንዲሁም በሥጋ ያልተዛመዷቸውን እህታቸውን ወ/ሮ ለተሃይማኖትንና ወንድማቸውን አቶ ሰላሃዲንን ትተው ሄደዋል። በሕመማቸው የጠየቃችሁ፣ ከየአገሩ የደወላችሁ፣ ድንበር ተሻግራችሁ የመጣችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል። ይህ ንባብ እንዳበቃ የመጀመሪያው ካሴት ይሰማል። ቃሉ እንዲህ ይላል፦

«ዛሬ ታኅሣሥ 14 ቀን 1980 ዓ.ም. ነው። ኡም ጋርጉር ነን። የሚናገሩት ወ/ሮ ለተሃይማኖት ናቸው። ይናገሩ እታለም፣ እየሰማሁ ነው።»

ሰውን ሁሉ ሲሰሙ የኖሩትን አባታችንን እግዚአብሔር ይስማቸው፤ ነፍሳቸውንም ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን። አሜን።

ልጃቸው ፅናት ጋረደው፣ ስለ ቤተሰቡ