በቀይ የተለዩት ቀለሆች

ኮልተር ክሪክ፣ ሞንታና
ኦክቶበር 19 ቀን 2014

ብሪታ፣ የሆዴ ፍሬ፣

ሰላምታውን አሳምሬ ብጀምርልሽ ደስ ባለኝ ነበር፤ ግን ሰሞኑን አፌ የዛገ ብረት የላሰ ይመስል እህልም አይጥመኝ፣ ቡናም አይጥመኝ። ጤናዬን ከሆነ ደህና ነኝ። ጣሪያውን በረዶ ሳይጥል አስጠግኜዋለሁ። አንቺ ያለሽበት አገር አሁን ፀደይ ነው አይደል? በጎቹ መውለድ ጀመሩ? አደራሽን፣ በእርጥብ ጫማ አትዋዪ።

ባለፈው እሁድ በስልክ «ዌንደል የት ጠፋ? ሰላም እንኳ አይለኝም እንዴ?» ስትዪኝ «ሥራ በዝቶበት ነው» አልኩሽ። ዋሸሁሽ። አባትሽ ከሞተ ወዲህ ያንን ሰውዬ እንደ አባት እንደምታዪው አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው ምላሴ የተያዘው። ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሚው ግን ከኔ ስሚው።

ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት እኔና ዌንደል በአባትሽ ጋራዥ ተቀምጠን ቀለህ እንለይ እንደነበር ታውቂያለሽ። አንቺ ናሱ ይሸተኛል እያልሽ ከዚያ ጠረጴዛ ስትሸሺ ነው ያደግሽው፤ ስለዚህ ነገሩ እንዲገባሽ ትንሽ ልንገርሽ። የተተኮሰ ቀለህ ይጸዳና እንደገና ባሩድና አረር ይሞላል። ይህን ማንም ያደርገዋል። ጎበዙን ተኳሽ ከተራው የሚነጥለው መለየቱ ነው። ከአንድ ፋብሪካ የወጡት ለብቻ፣ ሁለቴ የተተኮሱት ለብቻ፣ አምስቴ የተተኮሱት ለብቻ፤ ከዚያ አንድ በአንድ በሚዛን፤ ከዚያ በአንገታቸው ውፍረት። ከባዱ ቀለህ ውስጡ ጠባብ ነው፣ ቀላሉ ሰፊ። እኩል ባሩድ ብትሰጫቸው እንኳ አንዱ አረሩን ያፈጥነዋል፣ ሌላው ያዘገየዋል፤ ሩቅ ዒላማ ላይ አንዷ ጥይት ከላይ፣ አንዷ ከታች ታርፋለች። በደንብ የተለዩት ግን እንደ መንታ ናቸው፤ አንዷ ባለፈችበት ሌላዋ ታልፋለች።

ያረጀ ቀለህ ደግሞ ከመቀመጫው ትንሽ ከፍ ብሎ ውስጡ ይሳሳል። ጫፉ በታጠፈ ቀጭን ሽቦ ስትዳስሺው ቦይ ቢጤ ላይ ያዝ ያደርግብሻል። ያ ቀለህ ሞቷል። እኔ መቀመጫው ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም አስነካውና ባልዲው ውስጥ እጥለዋለሁ። አባትሽ ባልዲው ሲሞላ ሁሉንም በመዶሻ ጨፍልቆ ነበር ለቁራሌው የሚሰጠው። እጄን ቁርጥማት ከያዘኝ ወዲህ ግን ዌንደል «ተዪው አርዲስ፣ እኔ እቤቴ እጨፈልቀዋለሁ» እያለ ባልዲውን ይወስድልኝ ነበር። እኔም ተባረክ እለው ነበር።

በዚህ ዓመት ፀደይ ላይ ሼልቢ የምትባል ልጅ የተኩስ ክበባችን ገባች። የእንስሳት ሐኪሙ ረዳት ናት፤ እጇ ሁልጊዜ ፈረስ ፈረስ ይሸታል፣ ሳቋ ከመንገድ ማዶ ይሰማል። የአያቷን ጠመንጃ ይዛ መጣች። እናም ልጄ፣ ለመተኮስ በደረቷ ስትተኛ አይተሽ ብታውቂያት! ትንፋሿ የለም። ዓይኗን ከጠመንጃው መነጽር አትነቅልም። ኦገስት ላይ ዌንደልን በለጠችው። አንድ ቀን አይደለም፣ በተከታታይ። አንዴ እንዲያውም ጥይቱ ከዒላማው ክብ ሲወጣበት እንዲህ ስትል ሰማኋት፦

«አባባ ዌንደል፣ መነጽሩን ጠረግ ጠረግ ያድርጉት እንጂ! ዝንብ አርፎበት ይሆናል።»

ሜዳው በሙሉ ሳቀ። ዌንደልም ሳቀ። እኔ አጠገቡ ነበርኩ፤ ጥርሱ ይስቃል፣ ጆሮው ግን ቀልቷል። እንዲህ ቀልድ የሚችል ሰው ብዬ ደግሞ ወደድኩት።

ከዚያ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ሣጥን የሚያብረቀርቅ ቀለህ አምጥቶ ሰጣት። «ከሌፍ ጠረጴዛ የወጣ ነው» አላት፣ በአባትሽ ስም! «ሚዛኑም አንገቱም ተለይቶ ያለቀ። ባሩድሽን ብቻ ሙዪበት።» ልጅቷ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ጉንጩን ሳመችው። እኔ ቆሜ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ምን ዓይነት ደግ ሰው ነው ብዬ። 

በሴፕቴምበሩ ውድድር የሼልቢ ጥይቶች ተበተኑ። አንዷ ከላይ፣ አንዷ ከታች። ልጅቷ ግራ ገባት። ዌንደል ከጎኗ ተንበርክኮ «ትንፋሽሽ ነው ልጄ፣ ተረጋጊ፣ ቸኩለሻል» ይላታል። ልጄ ይላታል! እንደገና አጎረሰች፣ ቃታውን ሳበች። ድምፁ እንደ ወትሮው አልነበረም፤ ደረቅ፣ የተሰነጠቀ ነገር። ቀለሁ ከወገቡ ተቆርጦ የባሩዱ እሳት ወደ ኋላ ፊቷ ላይ ወጣ። መከላከያ መነጽሯ ግራ ዓይኗን አተረፈላት። የቀኙን ግን ከሥር ገብቶ ያዘው። ስትጮህ አልሰማኋትም፤ «አላይም፣ አላይም» ብቻ ነው የምትለው፣ ቀስ ብላ፣ ሰው እንዳትቀሰቅስ የፈራች ይመስል።

አምቡላንሱ ወስዷት ሰው ሁሉ ሲተራመስ ከጠመንጃዋ የወደቀውን የቀለህ መቀመጫ ከሣሩ ላይ አነሳሁት። ገለበጥኩት። ታጥቧል፣ ተወልውሏል፤ ግን የፋብሪካው ፊደላት ጎድጓዳ ውስጥ ቀይ ነገር ተጣብቆ ቀርቷል። ኪሴ ውስጥ ከተትኩትና በቀጥታ ዌንደል ቤት ነዳሁ። ቀድሞኝ ገብቶ ነበር። የአጋዘን ቋሊማ እየጠበሰ።

«ቁጭ በይ፣ ፊትሽ ነጥቷል። ብዪ» አለኝ።

ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። «ይህን ታውቀዋለህ?»

አየው። ሹካውን ግን አላስቀመጠም። «እንግዲህ ልጅቷ ባሩድ አብዝታ ነው።»

«ዌንደል፣ የኔ ጥፍር ቀለም ነው።»

አላመጠ። እያየሁት አላምጦ ዋጠ፣ ቅባቱ አገጩ ላይ እንደወረደ። ከዚያ «እንድትጎዳ አልፈለግኩም» አለ። «በእግዜር እምላለሁ! ትንሽ እንዲበታተንባት ብዬ ነው። ከባዱን ከቀላሉ፣ አዲሱን ከአሮጌው ቀላቀልኩት፤ በቃ።»

«ከባልዲው ነው ያፈስከው። የሞቱት ናቸው።»

«ሁሉም እኮ አይቆረጥም! እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ተኩሼባቸዋለሁ።»

«ቀለሙን ታዲያ ለምን አጠብከው?»

ሹካውን አስቀመጠ። ድምፁ እንደ ሕፃን ቀጠነ። «አርባ ዓመት እዚያ ሜዳ ላይ የተኛሁ ሰው ነኝ፣ አርዲስ። ትናንት የመጣች ፍሬ ልጅ በሰው ፊት መነጽርህን ጥረግ ትበለኝ?» በዚያ በቅባታም ጣቱ እጄን ያዘኝ። «እኔና አንቺ ከፊታችን ብዙ ነገር አለን። ይህን ነገር ወንዝ ውስጥ ጣይውና እንርሳው።»

እጄን ነጥቄ፣ የቀለሁን መቀመጫ መልሼ ኪሴ ከትቼ ማጠቢያው ጋ ሄድኩ፤ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ታጠብኩ፣ ደግሜ ታጠብኩ። ጀርባዬን ሰጥቼው ስታጠብ የቋሊማው ድስት ይንጫጫል፣ እሱ እንደገና ሹካውን አንስቷል። ብሪታ፣ ቁጣ አልነበረም የያዘኝ። ቁጣ ቢሆን ጥሩ ነበር፣ ያሞቃል። ይሄ ግን ጫማ ውስጥ እግርሽን ስትከቺ ቀዝቃዛ ለስላሳ ነገር ሲነካሽ ያለው ስሜት ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የክበቡ ቁርስ በእሳት አደጋው አዳራሽ ነበር። ፓንኬኩ ከቀረበ በኋላ ሊቀመንበሩ ኦርቪል ተነስቶ፣ ኮሚቴው ነገሩን እንዳጣራና ልጅቷ ከልምድ ማነስ ባሩድ እንዳበዛች ተናገረ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔ ተነሳሁና የቀለሁን መቀመጫ ሳህኑ አጠገብ አኖርኩለት። ያየሁትንም፣ የሰማሁትንም አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው።

 ከዚያ ከጓዳው በኩል አንዱ «ምነው አርዲስ፣ በዚህ ማክሰኞ ሳይመጣ ቀረ እንዴ?» አለና ሳቁ። አምስት የልጅ ልጅ ያላቸው ሰዎች፣ የፓንኬኩ ሽሮፕ ጺማቸው ላይ እየተንጠባጠበ፣ ሳቁ።

ዌንደል ግን አልሳቀም። ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ቆቡን አወለቀ፣ ድምፁን አለሰለሰ። «አትፍረዱባት» አለ። «የለየችው እሷ ናት። ዓይኗ ደክሟል፣ እጇም እንደምታዩት ነው። ተሳስታ የሞተውን ጥሩው ሣጥን ውስጥ ከትታው ይሆናል። ሌፍ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት፣ እኛም አላገዝናትም።» እና ልጄ፣ አዘነልኝ! ፊቱን እውነተኛ ሐዘን አስመሰለው። ሰው እንዲህ ማድረግ እንደሚችል አላውቅም ነበር።

«አዎ፣ ለየሁ» አልኩት። «ስለለየሁት እኮ ነው ቀይ የሆነው። ማነው ያጠበው?»

 ኦርቪል ጉሮሮውን ጠራርጎ «በሉ እንብላ፣ ይቀዘቅዛል» አለ። በሉ። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ እነዚህ በበሉበት ዝም የሚሉ ናቸው። መኪናዬ ዘንድ ስደርስ ኦርቪል ተከትሎኝ ወጣና መስኮቱ ላይ ጎንበስ ብሎ «እውነትሽን እንደሆነ አውቃለሁ» አለኝ። «ግን ምን እናድርግ? ዌንደል እኮ ዌንደል ነው።» ከዌንደል ውሸት ይልቅ ይህች የኦርቪል እውነት ነች እስካሁን ጉሮሮዬ ላይ የቆመችው።

ከዚያው ወደ ቢሊንግስ ከተማ፣ ወደ ሆስፒታሉ ነዳሁ። ሼልቢ ግማሽ ፊቷ ተጠቅልሎ ተቀምጣለች። እናቷ ባለችበት ነገርኳት፤ እሷም እስከ መጨረሻው ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

«ከዚያ በፊት በስንት ነጥብ ነበር የምበልጠው?» አለችኝ።

«በአራት።»

ሳቀች። ያ ሳቋ! ፋሻው እስኪያማት ሳቀች፤ ከዚያ በአንድ ዓይኗ አለቀሰች። ስትጨርስ ዞር ብላ «ወይዘሮ አርዲስ፣ እርስዎ ራስዎ ጨፍልቀዋቸው ቢሆን ኖሮ ዓይኔ ይኖር ነበር» አለችኝ። እናቷ «ኧረ ልጄ!» ብላ ልታስቆማት ፈለገች። ተያት፣ እውነቷን ነው አልኩ። እውነቷን ነው፣ ብሪታ። የቀለሁን መቀመጫ እጇ ላይ አስቀመጥኩላት። ጨበጠችው፣ አመሰግናለሁ ግን አላለችኝም፤ ባለማለቷ ደግሞ አከበርኳት።

እናትና ልጅ ለሸሪፉ አመለከቱ። ሸሪፉ የዌንደል ጋራዥ ውስጥ ሲገባ ባልዲዎቼን እንዳሉ አገኛቸው፤ የገሚሶቹ ቀለም ታጥቧል፣ የገሚሶቹ ገና ነው። አንድም የተጨፈለቀ አልነበረም። ዌንደል ኖቬምበር ላይ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ እኔም እመሰክራለሁ። የቀኝ ዓይኗ አይመለስም ብለዋል ሐኪሞቹ። ክበቡስ ምን አደረገ ትዪኝ ይሆናል። ዌንደል «በጤና ምክንያት» ለቀቀ፤ እነሱም ስሙ የተቀረጸበት ሰሌዳ አበረከቱለት! ፎቶው የመንደሩ ጋዜጣ ላይ ወጥቷል፣ ፈገግ ብሎ። እኔም ለቅቄያለሁ፤ ለኔ ሰሌዳ የሰጠኝ የለም፣ ቢሰጡኝም ዶሮ ቤቱ ላይ ነበር የምቸነክረው።

እኔ ቤት መታጠቢያ ክፍል የነበረውን የዌንደልን ምላጭና አልጋው ሥር የነበረውን ነጠላ ጫማውን በእሳት መቆንጠጫ አንስቼ ከረጢት ከተትኩና ጣልኩት። የሚጠጣበትን ኩባያ አጥቤ ላስቀምጠው ፈልጌ ነበር፤ የአያትሽ ነውና። አልቻልኩም። እሱንም ጣልኩት። ይቅር በዪኝ።

ከዚህ ሌላ ብዙ ወሬ የለም። ሸረሪቶቹ ከብርዱ ሸሽተው ቤት መግባት ጀምረዋል፣ የጎረቤቶቹ ውሻ አሁንም የፖስታ ቤቱን ሰውዬ ይጠላዋል። አንቺ ብቻ ደህና ሁኚልኝ። እግዚአብሔር በሄድሽበት ሁሉ ደግ ሰው ያጋጥምሽ፤ ደግ ያልሆነውን ደግሞ ቶሎ ያሳይሽ፣ እንደኔ ዘግይቶ አይሁንብሽ። የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ፣ እንቅልፍሽን ጣፋጭ ያድርግልሽ።

ባለፈው ወር ለገና ፈቃድሽን አስተካክዪ፣ ፊት ለፊት የምነግርሽ ነገር አለ ብዬሽ ነበር። አሁን የምነግርሽ ነገር የለም። ለሠርጉ ብዬ የገዛኋትን ሰማያዊዋን ቀሚስም ለሱቁ መልሻታለሁ። ቢሆንም ነዪ።

እናትሽ
አርዲስ