አባትሽ ያልለቀቁት ፍሪጅ

ልጄ ሳቢራ፣ አላህ በሰው አገር ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ። ቡሬ ሁላችንም በሕይወት አለን፣ አልሐምዱሊላህ፤ በቆሎውም ገብቷል።

የላክሽልን ፍሪጅ ከባሕር ዳር መጣ። ተኝቶ እንዳይጫን ስላልሽ አባትሽ አይሱዙው ላይ አቁመው በገመድ አሰሩት፤ እሳቸውም ጋቢናውን ትተው ከኋላ ደግፈውት ተቀመጡ። ወደ ቡሬ ሲቃረቡ በሬ መንገድ ገብቶ ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ ገመዱ ተበጠሰ። አብሯቸው የነበረው ጎረቤታችን አቶ ቢሰጥ «ይልቀቁት» ቢላቸው፣ «የልጄ ላብ ነው» ብለው እምቢ አሉ። ፍሪጁ ወድቆ ክንዳቸውን ሰበረው።

መንገድ ላይ ባለ ጤና ጣቢያ ክንዳቸው በጀሶ ታስሮ ከመኪናው ሲወርዱ ሳይ ሮጬ ደገፍኳቸው። እሳቸው መጀመሪያ ያሉኝ «ተጭሯል ወይ?» ነው። ፍሪጁስ ደህና ይሠራል፤ እኔ ግን ልከፍተው እስካሁን እጄ እምቢ አለኝ።

ስትደውዪ ስለ ፍሪጁ አትጠይቂያቸው፤ ስለ ክንዳቸው ጠይቂልኝ። አላህ ዓይንሽን ያሳየን።

እናትሽ ኡምሀኒ