የአባባ ወገብና አጭሩ ሞላ

እትዬ፣

ጋራዥ ሄጃለሁ። የአባባ መድኃኒት ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ምግብ ሳይቀምስ እንዳትሰጪው።

ትናንት በመኪናዬ ሐኪም ቤት አደረስኩት። ዝቅ ብላ መንገድ ቆንጥጣ እንድትይዝ ብዬ ከጎማዎቿ በላይ ያስገባሁላት አጭር ሞላ ለካ ድንጋይ ነው። ጉድጓድ በገባን ቁጥር ወገቡን ይዞ፣ «ምንም አይደል ልጄ፣ ንዳ» ይለኛል። አንጀቴን በላው። የድሮውን ሞላ ላስመልስ ነው።

«ሁለት ሰው ብቻ የምትጭን፣ ጣሪያዋ የሚከፈት መኪና ለእኛ ቤት ምን ትሠራለች?» ስትይኝ ስለጮህኩብሽ አጥፍቻለሁ። ግን አራት ዓመት ሙሉ አባባን ሳነሳ ሳስተኛ፣ ከዚህ ቤት መውጫዬ እሷ ብቻ ነበረች። አሁን እሷም የአባባ ልትሆን ነው። አንቺ ደግሞ ከሥራ ስትመለሺ...

ይቅር፣ ተይው።

እሁድ ጠዋት ከእሱ ጋር ቆዪልኝ። ለአንድ ሰዓት ብቻ።