የኑሩ ሰዓትና የቀበሌው ሰዓት

ሰኞ፣ ኅዳር 12
አላጠልቀውም። ይኸው ጻፍኩት።
የሚስቴ ወንድም ኑሩ ከአስመራ ይዞልኝ የመጣው የእጅ ሰዓት የሚዞር ቆጣሪ የለውም፣ ሞላ የለውም፣ ድምፅ የለውም። ግራጫ ፊቱ ላይ ቁጥር ይቀያየራል፣ በቃ። ጆሮዬ ላይ ለጥፌ አዳመጥኩት፤ ዝም። “ዲጂታል ነው፣ በባትሪ ይሄዳል” አለኝ ኑሩ። ሰቆጣ ላይ ሃያ ዓመት ሰዓት ስጠግን ለኖርኩ ሰው! ሲበላሽ ምኑ ይፈታል? ሚስቴ ዘሐራ ሳቀችብኝ። “ቀንተህበት ነው” አለች።

ማክሰኞ፣ 13
ልፈትነው ነው። ጠዋት ራዲዮኑ አንድ ሰዓት ሲል ኑሩ የጎኑን ቁልፎች በመርፌ እየተጫነ በእኛ አቆጣጠር አስተካከለው። ማታ በዜና ሰዓት አየሁት። ሰከንድ አላጎደለም። ምንም ማለት አይደለም፤ ሰነፍ ሠራተኛም የመጀመሪያውን ቀን ይተጋል።

ረቡዕ፣ 14
እማማ ወለላን አሰሯቸው።
ጎረቤታችን ናቸው፤ ባላቸው ሞተው ከአንዲት ላም ጋር ብቻቸውን የሚኖሩ። አማርኛው ብዙም አይቀናቸውም፣ ኽምጣንጋ ነው የሚናገሩት። መሠረተ ትምህርቱ ቀበሌ ውስጥ ዐሥር ሰዓት ላይ ነው፤ የቀበሌው ሊቀመንበር ያረፈደ ሁሉ ሁለት ሳምንት ይታሰራል ብሎ ነበር። “በጊዜ ነው የመጣሁ” ቢሉት የግድግዳውን ሰዓት አሳያቸው፤ ዐሥር ከአምስት።
ያንን ሰዓት ባለፈው ቅዳሜ የጠገንኩት እኔ ነኝ። ልክ ነው። አርፍደዋል ማለት ነው።
ዘሐራ እራት አደረሰችላቸው። እኔ አልሄድኩም።

ሐሙስ፣ 15
ያዝኩት!
ለእማማ ወለላ ምሳ ይዤ ቀበሌ ሄድኩ። ዲጂታሉ ኪሴ ውስጥ ነበር። የግድግዳው ሰዓት ሰባት ሲል የኑሩ ጉድ ስድስት ከሃምሳ አንድ ይላል። ዘጠኝ ደቂቃ ወደ ኋላ! እማማ ወለላ በታሰሩበት መጋዘን መስኮት “ሰይዶ፣ ላሜን ማን አለባት?” አሉኝ። “ዘሐራ” አልኳቸውና ለኑሩ ልነግረው እየሳቅሁ ሮጥኩ።

ማታ ራዲዮኑ ሁለት ሰዓት አለ። ዲጂታሉም ሁለት። እኩል።
የሚሮጠው እኔ የጠገንኩት የቀበሌው ሰዓት ነው። ማስተካከያዋን ወደ ፈጣኑ በኩል አብዝቼ ገፍቻት ነው። ሴትዮዋ በሰዓታቸው ደርሰው ነበር።

ዓርብ፣ 16
ከጁምዓ ስመለስ ነገርኳቸው። ኑሩ “ዝም በል! የመንግሥት ንብረት ሆን ብሎ አበላሸ ይሉሃል” አለ። ሰው ከእንግዲህ ሰዓት ባያመጣልኝስ? ይህንንም አሰብኩ፣ አልዋሽም። ዘሐራ ግን እንዲህ አለች፤ “ላሚቷን እኔ አልባለሁ። አንተ ደግሞ የራስህን ሥራ ሥራ።”

ቅዳሜ፣ 17
ዲጂታሉን አጠለቅሁ፣ ራዲዮኔን ተሸክሜ የቀበሌው ስብሰባ መሀል ገባሁ።
“ጓድ ሊቀመንበር፣ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ይሮጣል። የጠገንኩት እኔ ነኝ፣ ያጠፋሁትም እኔ ነኝ። እማማ ወለላ አላረፈዱም።”
“የቀበሌ ሥራ በነጋዴ መጫወቻ አይለካም!” አለኝ እጄን እያየ።
“በሱ አይለካ” አልኩና ራዲዮኑን ከፈትኩት። “ይሄስ የመንግሥት አይደለም?”
ራዲዮኑ ሦስት ሰዓት አለ። እጄን ከፍ አደረግሁ፤ ሦስት። ሰው ሁሉ ዞሮ ግድግዳውን አየ፤ ሦስት ከዐሥራ ሦስት። ከኋላ አንዲት ሴት ሳቀች። ከዚያ ቤቱ በሙሉ። ሊቀመንበሩ ፊቱ ጠቆረ፣ የመጋዘኑን ቁልፍ ግን ለዘበኛው ወረወረለት።
እማማ ወለላ ሲወጡ “ያሳሰርኩዎት እኔ ነኝ” አልኳቸው። ትክ ብለው አዩኝ። “ሰምቻለሁ። መጀመሪያ ላሜን ልይ፣ ካንተ ጋር ኋላ እንነጋገራለን።”

እሑድ፣ 18
ወረቀት መጣ። ነገ ሁለት ሰዓት ቀበሌ ቅረብ ይላል። ለምን እንደሆነ አልተጻፈም። ኑሩ “አምደወርቅ ከተማ ዘመድ አለን፣ ጥቂት ቀን ዞር በል” ይላል። ዘሐራ “ካሳደሩህ” ብላ ጋቢዬን አጣጥፋ በር ላይ አስቀምጣለች።
አምደወርቅ አልሄድም። ሰዓቱን አስተካክል ካሉኝ አስተካክላለሁ፤ ሊያስሩኝ ከሆነም ይሰሩኝ። ይህን ስጽፍ ዲጂታሉ እጄ ላይ ነው። አሁንም ድምፅ የለውም፤ ግን አይዋሽም፣ ምን ላድርገው?
ሁለት ሰዓት ብለዋል፣ ሁለት ሰዓት እደርሳለሁ። አንድ ደቂቃ አልቀድምላቸው፣ አንድ ደቂቃ አላረፍድላቸው።