ከምሳ በፊት የተለካ ትንፋሽ

ለተከበሩ የመንገድ ደኅንነት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ሁለቱም እግሮችዎ ደኅና ይሆኑ ዘንድ ከልብ እመኛለሁ፤ ሰሞኑን የእግር ነገር በቤታችን ብዙ ስለሚነሳ ነው።

እኔ ለመሥሪያ ቤትዎ ዘመቻ አንጸባራቂ ሰደርያዎችን የሰፋሁት ልብስ ሰፊ ነኝ። ባለፈው ወር፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ “ጠጥተው አያሽከርክሩ” የሚል ጨርቅ የታሰረበት የመሥሪያ ቤትዎ መኪና ከዘመቻው የምሳ ግብዣ ሲመለስ የእግረኛው መንገድ ላይ ወጥቶ፣ በሱቃችን ደጃፍ ተቀምጣ አዝራር ትተክል የነበረችውን ታላቅ እኅቴን መታት። እርሷ ወድቃ ስትጮህ የመኪናው ድምፅ ማጉያ አልጠፋም ነበርና፣ የሰው ሕይወት ክቡር መሆኑን ሦስት ጊዜ ደጋግሞ አስተምሮናል። ስለ ትምህርቱ እናመሰግናለን።

ጉዳዩን ራሱ መሥሪያ ቤትዎ አጣርቶ፣ ጥፋቱ የፍሬኑ ነው ብሎ መዝገቡን ሊዘጋ እንደሆነ፣ ሹፌርዎም ከሰኞ ጀምሮ መሪ እንደሚጨብጥ ሰማሁ። ቅር አይበልዎትና እኔ ተጠራጣሪ ሰው ነኝ። ደንበኛዬ አልወፈርኩም ብሎ ቢምልልኝ እንኳ ሜትሬን ሳላወጣ አላምንም። ስለዚህ ሆዴ አልቆርጥ ያለባቸውን ነገሮች በቅደም ተከተል እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

፩. ስለ ወረቀቱ። በመዝገቡ ውስጥ የሹፌርዎ ትንፋሽ ተመርምሮ ዜሮ መገኘቱን የሚገልጽ ወረቀት ተያይዟል። ሰዓቱን እስካነብ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር። ምርመራው የተካሄደው በአደጋው ዕለት ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአሥር ላይ ነው። ያን ጠዋት ሰደርያዎቹን ላስረክብ መጥቼ ስለነበር በደንብ አስታውሳለሁ፦ ሹፌርዎ የትንፋሽ መለኪያው መሣሪያ እንዴት እንደሚሠራ ለሕዝብ ለማሳየት መድረክ ላይ ወጥቶ ነፋ፤ እርስዎም ወረቀቱን ከፍ አድርገው አሳዩን፤ እኔም እንደ ሰው አጨበጨብኩ። ምነው ያኔ እጄን በቆረጠው! አምስት ሰዓት ያህል ቆይቶ ለሚደርስ አደጋ ገና በጠዋቱ ማስረጃ አዘጋጅቶ የሚጠብቅ ሌላ መሥሪያ ቤት በዕድሜዬ አላየሁም።

፪. ስለ መሣሪያው። ከአደጋው በኋላ ለምን እንደገና እንዳልነፋ ብጠይቅ፣ መሣሪያው መኪናው ውስጥ ስለነበር በአደጋው ተጎድቷል ተባልኩ። እግዜር ይማረው! የመኪናው መስታወት ሳይሰነጠቅ፣ ያ ድምፅ ማጉያም ሳይዘጋ፣ አደጋው እርሱን ብቻ እንዴት ለይቶ እንዳገኘው ግን እስካሁን አልገባኝም።

፫. ስለ ፍሬኑ። ፍሬን የለውም የተባለው መኪና ከግማሽ ሰዓት በኋላ በዚያው ሹፌር ተነድቶ ሲሄድ፣ መታጠፊያው ላይ አንዲት ውሻ ስትሻገር ቀጥ ብሎ ቆሞላታል። የሠፈሩ ሰው ሁሉ አይቷል፤ የጠየቀው ግን የለም።

፬. ስለ እኅቴ አፍንጫ። ሹፌርዎ በሕይወት መኖሯን ሊያይ ጎንበስ ሲልባት የመጠጥ ትንፋሹ ራሷን እንዳዞራት ለመርማሪው ተናግራለች። መርማሪው ቅጹ ላይ ለተጎጂ አፍንጫ የሚሆን ቦታ የለም ብሎ ብዕሩን ከደነ። እሺ ይሁን፤ ለጉልበቷስ ቦታ አለው? ሃያ ሁለት ዓመት የስፌት መኪና የረገጠችበት ቀኝ እግሯ ዛሬ አይታጠፍም። ሙያውን ያስተማረችኝ እርሷ ናት። አሁን ግን ጨርቁን መርፌው ሥር አስተካክላ ትጠራኛለች፤ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ እረግጣለሁ፣ እርሷ ጨርቁን ትመራለች። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ትሕትናዬ አለቀብኝ፤ አንጀቴ ቆስሏል።

ይህ ሁሉ ሳያንስ ትናንት ከጽሕፈት ቤትዎ የግብዣ ደብዳቤ ደረሰን። እኅቴ በሚቀጥለው ዘመቻ መድረክ ላይ ወጥታ ሕዝቡን እንድታስተምር ተጋብዛለች፤ አክብሮቱ ከፍ ያለ ነው። ልማድ ሆኖብኝ ወረቀቱን እስከ ጠርዙ ብመረምረው፣ ከግርጌው በደቃቅ ፊደል “በቴክኒክ ብልሽት የተጎዳሁ መሆኔን አረጋግጣለሁ” የሚል መስመርና የፊርማ ቦታ አገኘሁ። እንዲህ ያለ ስውር ስፌት እኔም አልችልበት። እኅቴ አልፈረመችም። የምንለምንዎ ሁለት ነገር ነው፦ መዝገቡ አይዘጋ፤ ያ ሰውም መሪ አይጨብጥ። ሌላ ሰው የሚቀመጥበት ደጃፍ ሞልቷል።

የሚሄዱበትን መንገድ ሁሉ ጨርቅ ያድርግልዎ እያልኩ፣ ግራና ቀኙን አይቼ፣ ከእግረኛው መንገድም ራቅ ብዬ በአክብሮት እጅ እነሣለሁ።

ሰደርያዎን የሰፋሁት፣
የእርሷ ታናሽ ወንድም

ሳልረሳው፦ ግብዣው እኅቴን የሚያመጣ የመሥሪያ ቤት መኪና እንደሚላክ ይገልጻል፤ የሚነዳው ማን እንደሆነ ግን አይገልጽም። አይድከሙ፤ በክራንቿ ቀስ ብላ ትመጣለች። መድረኩም ላይ ትወጣለች፤ ንግግር ግን አታደርግም። ሹፌርዎ አጠገቧ ቆሞ አንድ ጊዜ እንዲነፋላት ብቻ ትጠይቃለች፤ ፕሮግራሙን ከወዲሁ ያስተካክሉልን፣ ማሳያው ከምሳ በኋላ ይሁን።