የወተት ቤቱ ልክ

ሰኞ፣ ጥር 14/1999። ጠዋት 3፡20
ኃላፊዬ ፋይሉን ገልጦ ዘረጋልኝ። ስለ ሕንፃዎቹ ያቀረብኩት የምርመራ ሪፖርት ነው፤ ሦስት ገጽ። በሦስተኛው ላይ ያለው ፊርማ የኔ ነው። ፊተኞቹን ሁለት ገጾች አልጻፍኳቸውም።

የቀድሞው አዳሪ ት/ቤት ጋጣ፣ ጎተራና ወተት ቤት ተሰነጣጥቀዋል፤ ቅርስነት የላቸውም፤ ይፍረሱ ይላል። እኔ የጻፍኩት ጤነኛ ናቸው ብዬ ነው። ሦስት ቀን በገመድ ለክቻለሁ። ቦታው ለባለሀብት ተፈልጓል። ይህን ሁሉም ያውቃል።

ገጾቹ ተቀይረዋል አልኩት። ሳቀ። ሰው ሁሉ የሚፈርመው መጨረሻ ላይ ነው፣ ያንቺ በምን ይለያል አለኝ። እውነቱን ነው። በየገጹ አልፈረምኩም። ዲግሪ ይዤ! ሞኝ።

ማክሰኞ፣ ጥር 15
ት/ቤቱ ወዳለበት ጉኑኖ ወረድኩ። የቢሮው ደብዳቤ ቀድሞኛል፤ በወር ውስጥ ልቀቁ ይላል። ወተት ቤቱን የያዙት ሴቶች ናቸው። ወተታቸውን በተራ ለአንዷ ያጠራቅማሉ፣ እሷ ትንጣለች፣ ቅቤውን ሶዶ ትሸጣለች። ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ ነው፤ በበጋም ወተት አይበላሽበትም። ሌላ እንዲህ ያለ ቤት የላቸውም።

ከመሃላቸው አንዷ፣ የተማረ ሰው ያለ ዶማ ያፈርሳል አለች። ሳቁ። እኔን አላዩኝም።

ጋሽ አንጁሎ ከበርጩማው አልተነሳም። በተማሪነቱ እዚያ ላም ያልብ የነበረ ሽማግሌ ነው። ስለካ የገመዱን ጫፍ የያዘልኝ እሱ ነው።

«ልጄ፣ ገመዱን የያዝኩልሽ ለዚህ ነው?»

በወላይትኛ አስረዳሁት። ሰማኝ። ማመኑን እንጃ።

ሐሙስ፣ ጥር 17
ኃላፊዬ ዛሬ ለስላሳ ነው። ሐዋሳ ሥልጠና አለ፣ ስምሽን ላስገባ ይላል። እናቴ ሂጂ፣ ነገሩን አብርጂው ትላለች። ሥራዬን እንዳላጣ ፈርታለች። እኔም ፈርቻለሁ። ግን አልሄድም።

ደብተሬ፣ ልኮቹ ሁሉ በኋላ ገጾችህ ላይ አሉ። በጭቃ ጣት የተጻፉ። ኃላፊዬ ይህን አያውቅም።

ዓርብ፣ ጥር 18። ከሰዓት
ልኮቹን ከደብተሩ በእጄ ገለበጥኳቸው። ሦስት ቅጂ፤ አንዱ ለዞን ቢሮ፣ አንዱ ለሴቶቹ፣ አንዱ ለኔ። በየገጹ ፈረምኩ። ጉኑኖ ይዤ ወረድኩ። ጋሽ አንጁሎ ዓይኑ ስለደከመ እያንዳንዱን ልክ አስነበበኝ። አንዱን አረመኝ፤ የጎተራው በር ነበር። ከዚያ አውራ ጣቱን ቀለም ውስጥ ነክሮ ከፊርማዬ አጠገብ አሳረፈ። በየገጹ።

ሰኞ ጠዋት ዞን ነኝ። ከሥራ ቢያባርሩኝ ያባርሩኝ። ከእንግዲህ እኔ ያላልኩትን በስሜ ማንም አይልም።